ስምንት ወር ያቆየሁት መርዶ

መጀመሪያ የታመመው ጉሮሮዬ ነው። ኅዳር ላይ፣ እሑድ ምሳ ቀርቦልን ሳለ፣ የጎረስኩት አልወርድ አለኝ። ውኃ ጠጣሁበት። ውኃው ወረደ፤ ጉርሻው ግን እዚያው የቀረ መሰለኝ። ባለቤቴ የሻረግ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሳምንቱ ደግሞ ቁጭ ባልኩበት ልቤ መምታት ጀመረ፤ ዳገት የወጣሁ ይመስል ላብ ያጠምቀኛል። በወሩ ሱሪዬ አልያዝ ብሎኝ ቀበቶዬ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳሁ።

እኔ ቢቸና የምኖር የሂሳብ መምህር ነኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። የታመምኩት ምን እንደሆነ አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እኔም ሆንኩ ያከሙኝ ሰዎች አላወቅነውም። ይህን የምጽፈው እንደኔ ሌላ ቦታ እየታመመ ሌላ ቦታውን የሚያስመረምር ሰው ካለ ጊዜ እንዲያተርፍ ብዬ ነው። እንዲታዘንልኝ አይደለም። እንደምታዩት፣ አብዛኛውን ያመጣሁት እኔው ነኝ።

አስቀድሜ ስለ ሁለተኛው ሥራዬ ልናገር፤ ደመወዝ የለውም። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ከዚያም በላይ መርዶ ነጋሪ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ለጎረቤት በስውር ይነገራል፣ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በር ይንኳኳል። ከገቡት መካከል አንዱ ይናገራል፤ ያ አንዱ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ረጋ ያለ ነው። አላለቅስም፣ አልቸኩልም። «መምህር ከተናገረው ሰው አይጎዳም» ይሉኝ ነበር። ስሙ ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህ ሥራ በዛብኝ። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፣ ስልክ ይጠፋል ይመጣል፣ ትምህርት ቤታችን አንድ ሳምንት አስተምሮ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ደግ ወሬ አልነበረም። ማለዳ መርዶ ነግሬ፣ ቤቴ ተመልሼ ፊቴን ታጥቤ፣ በሁለት ሰዓት ክፍልፋይ ሳስተምር የዋልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ምንም አይሰማኝም ነበር። አለመሰማቱን እንደ ጉብዝና ቆጥሬው ነበር።

ታዲያ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። ከቆላ፣ ከሰሊጥ አጨዳ መመለሱ ነው።

«መርዶ የሚናገሩት መምህር እርስዎ ነዎት? መናኸሪያ ላይ ጠይቄ ነው የመጣሁ» አለኝ።

ነኝ አልኩት።

«አንዱዓለም የሚባል የሞጣ ልጅ አብሮን ይሠራ ነበር። ወባ ያዘውና በአራት ቀኑ ሄደ። እዚያው ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ቢቸና አጎት አለኝ ይለን ነበር፤ ስማቸውን ግን አልያዝኩትም። ፈልገው ይንገሩልኝ።»

አጎቱ እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ ግን አላልኩትም። «እሺ፣ እናደርሳለን። እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት። ከዚያ ክፍል ገብቼ ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨረስኩ። ተማሪዎቹ ምንም አላዩብኝም፤ የሚታይ ነገርም አልነበረም።

አንዱዓለም የእኅቴ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ነው። እትዬ ጥሩ ሞጣ ገበያ ቅቤና በርበሬ ትነግዳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዱዓለምንና ታናሽ እኅቱን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። እኔንም እናታችን ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ቁጭ ብዬ መርዶውን መቼ እንደምናገር ያሰብኩት፤ የሰው መርዶ ይመስል።

እትዬ ጥሩ ያን ሰሞን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አንገቷ ላይ ያለው ስፌት ገና አልደረቀም ነበር። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። ቁስሏ ይድረቅ አልኩ። ቁስሉ ደረቀ። ታኅሣሥ ላይ ሴት ልጇ እሷው ቤት ወለደች። አራስ ካለችበት ቤት መርዶ ማስገባት ደግሞ ነውር ነው። የአራሷ ሰማንያ ቀን ይሙላ፣ ሕፃኗ ክርስትና ትነሣ አልኩ። ክርስትናው ሲደርስ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ሑዳዴው ተጋምሶ ነበር፤ ፋሲካን እንኳ በደስታ ትዋል አልኩ። ምክንያቶቼ ሁሉ ወግ ያውቁ ነበር። ሌላ ሰው እንደዚህ ቢነግረኝ ልክ ነህ እለው ነበር።

ለየሻረግም አልነገርኳትም። ከእኅቴ ጋር ነፍስ ለነፍስ ናቸው፤ ድምፅዋን ስትሰማ ማልቀሷ አይቀርም ብዬ ነው። ስለዚህ መርዶውን ቢቸና ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ።

እትዬ ጥሩ ስልክ በሠራ ቁጥር እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሰላምታው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ አላት፤ «ከአንዱዓለም ወሬ አለ?» እኔም «እነሱ ጋ ኔትወርክ የለም አሉ» እላለሁ። ይህም በከፊል እውነት ነበር፤ እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ከእሷ ጋር የማወራው ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የሻረግ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ስልክ በጮኸ ቁጥር ወደ ጓሮ የምትሮጠው ከማን ጋር ልታወራ ነው?»

«እትዬ ጥሩ ናት።»

«እትዬ ጥሩን ለማናገር ከመቼ ወዲህ ነው የምትደበቀው? ምግብ አትበላ፣ ከሰው አትጫወት፣ ከስተህ አለቅህ። አንዷ ጋ ልብህ ከሄደ ንገረኝና ልወቀው።»

ሳቅሁ። መሳቄ አልረዳኝም። ሁለት ወር ያህል ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ሕክምናው የተጀመረው በዚህ መካከል ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድ አለብህ አለኝ። ድሮም ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው አላውቅም፤ ስለዚህ አልገረመኝም። መርፌውን አሥር ቀን ተወጋሁ። ጉሮሮዬ እንደነበረ ቀረ፤ መቀመጫዬ ታመመ። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው፣ ባክቴሪያ አለብህ ብሎ በቀን ሁለቴ የሚዋጥ አንድ እፍኝ ኪኒን ሰጠኝ። መዋጥ ያቃተውን ሰው በኪኒን ማከም የራሱ ቀልድ አለው። በሦስተኛው ቦታ ልቤን በማሽን አዩት፤ ወረቀቱን አገላብጠው «ልብህ የጎረምሳ ነው» አሉኝ። የጎረምሳ ልብ ይዤ ደረጃውን ግድግዳ ተደግፌ ወረድኩ።

የሻረግ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ ጸበል ሄድኩ። ስለ ጸበሉ ክፉ አልናገርም። ሁለት ሳምንት ማለዳ ማለዳ ተጠመቅሁ። ቀዝቃዛው ውኃ ሲወርድብኝ ለጥቂት ደቂቃ ስለ ምንም አላስብም፤ ከጎኔ ያለው በሽተኛም ከየት እንደመጣሁ አይጠይቀኝም። የጮኸ መንፈስ ግን የለም። አጥማቂው ቄስ በመጨረሻ ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ሐኪም ቤትም ሂድ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው።

ክፍል ውስጥ ድምፄ መጥፋት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቁጥር እየጻፍኩ መሀል ላይ እቆማለሁ፤ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋኛል። ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተጋድሜ የሰው ኮቴ ማዳመጥ ነው። ያ ሰዓት የመርዶ ሰዓት ነው። ስንት በር እንዳንኳኳሁበት አውቃለሁ።

በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ የመረመሩኝን ወረቀቶች ሁሉ ደርድራ አየቻቸው። «ጋሼ፣ አካልዎ ላይ ያልታየ ቦታ የለም። ሞጣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ፤ እሱን ቢያዩት?» አለችኝ። ሁለት ነገር አስከፋኝ። አንደኛው አእምሮ የሚለው ቃል ነው። ሁለተኛው ሞጣ የሚለው። ሞጣ ላይ እኅቴ አለች፤ ፊቴን ካየች ሁሉን ታነባለች። ሦስት ሳምንት አመነታሁ። በመጨረሻ የወሰነልኝ ሰውነቴ ነው፤ አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደቅሁ።

በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። ሞጣ ስደርስ ከገበያው ራቅ ያለ ሆቴል አልጋ ያዝኩ፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ በጓሮ በጓሮ ሄድኩ። እኅቱ ቤት እያለለት አልጋ የሚከራይ ሰው ከእኔ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የአእምሮ ክፍል በሩ ጥግ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ አፈርኩ። አጠገቡ የዓይን ክፍል አለና እዚያ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጥኩ። አንድ የሞጣ ነጋዴ አየኝ። «መምህር፣ ዓይንዎን አመመዎት እንዴ?» አዎ፣ ትንሽ ይጋርደኛል አልኩት። ወዲያው ከጥጉ በር አንዲት ሴት ብቅ ብላ ስሜን እስከነአባቴ ጮኻ ጠራች። ነጋዴው ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ባለሙያው ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ጥያቄውን የጀመረው ከጉሮሮዬ ነው፤ ይህን ወደድኩለት።

«መዋጥ ያቃተዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከኅዳር። እሑድ ቀን ነው።»

«እሑድ መሆኑን በምን አስታወሱት?»

«እኅቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች።»

«ያን እሑድ ምን ተባባላችሁ?»

«ሁልጊዜ ስለ ልጇ ትጠይቀኛለች። ያን ቀን፣ ደኅና ነው አሉ፣ አልኳት። እንደዚያ ያልኩት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።»

«ደኅና አልነበረም?»

«ሞቷል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ምን ጊዜ እንደሞተ፣ እንዴት እንደሰማሁ ጠየቀኝ፤ ያን የሰሊጥ አጫጅ ነገርኩት። ከዚያ «ለእርስዎ ማን ነገረዎት?» አለኝ።

«አሁን ነገርኩህ እኮ፤ ያ ሰው።»

«ያ ሰው ለመርዶ ነጋሪው ነው የነገረው። እኔ የምጠይቅዎ ለአጎትየው ማን ነገረው ነው። ማን መጥቶ አብሮዎት ተቀመጠ?»

ማንም አልኩት። ባለሙያው ውኃ ቀዳልኝ።

ሕመሜ ድባቴ እንደሚባል ነገረኝ፤ ጭንቀትም አብሮት አለ። ድባቴ ማለት ሰው ያዘነበት ቀን ማለት አይደለም አለኝ። ሐዘኑም ደስታውም ረሃቡም አብረው ደብዝዘው ለሳምንታት የሚቆዩበት፣ እንቅልፍና ጉልበት የሚነሣ ሕመም ነው። ጉሮሮዬ ውስጥ የበቀለ ነገር የለም፤ ጡንቻው ግን በእውነት ይኮማተራል። «አልፈጠሩትም» አለኝ። ለዚህ አንድ ቃል ስል የሄድኩበትን መንገድ ሁሉ ደግሜ እሄድ ነበር። አምስት ወር ያህል የሌለ በሽታ የፈጠርኩ ሲመስለኝ ነበርና።

ሌላም ነገር ፊት ለፊት ጠየቀኝ፤ ሕይወቴን ላጥፋ ብለው ያውቃሉ ወይ አለኝ። ሰው እንደዚህ በግልጽ የሚጠየቅ አልመሰለኝም ነበር። ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር ብዬ ያሰብኩበት ማለዳ አለ፣ ከዚያ አላለፈም አልኩት። ሐሳቡ ከዚያ ካለፈ ለማን እንደምነግር፣ የት እንደምመጣ አስረዳኝ። መጠየቁ አላባሰብኝም፤ ቀለለኝ።

መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ማለዳ ምግብ በልቼ የምወስደው። ለውጡ የሚታየው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ በራስዎ እንዳያቋርጡት አለ። ስለ መርዶው ምን ላድርግ ስለው «እሱን እኔ አልወስንልዎትም፤ ብቻዎን እንዲወስኑት ግን አልመክርም» አለኝ።

መድኃኒቱን በሁለተኛው ሳምንት አቋረጥኩት። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ በባዶ ሆዴ ስውጠው አቅለሸለሸኝ። የንስሐ አባቴን ወይም ባለሙያውን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሰው የማማክር ሰው አይደለሁም። ስንት ሰው እንዲህ እንደሚያቋርጥ አላውቅም፤ ብዙ ይመስለኛል። በኋላ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ «ለበሽተኛ የተፈቀደውን አታውቅምሳ?» አሉኝ። ባለሙያውም በስልክ፣ ካስፈለገ ከሰዓት በኋላ እህል ሲቀምሱ ይውሰዱት አለኝ። ሁለት ደቂቃ ያልፈጀ ጥያቄ ነው፤ ሳልጠይቅ ግን ከሞጣ ያገኘሁትን ሁሉ ከሳምንት በላይ ጥዬው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሰኔ ሲገባ፣ እትዬ ጥሩ ደወለች። እሑድ አልነበረም።

«ሞጣ ገብተህ ቤቴን ዘለልክ?»

ነጋዴው ነግሯት ኖሯል።

«ለክርስትናው ቀረህ፤ መንገድ ነው አልኩ። አሁን አገሬ መጥተህ ሆቴል አደርህ። ምን በደልኩህ ይርጋ? እናትህ ብሆን እንዲህ ታደርገኝ ነበር? እኔ ልጄ ርቆብኛል፤ አንተም ትርቀኛለህ?»

«አሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«ሲያምህ ወደማን ነበር የምትመጣው?» ብላ ዘጋችው።

ያን ቀን ማታ ሳይሆን ወዲያው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ አቶ ልየው ሄድኩ። አቶ ልየው የእድራችን ዳኛ ነው፤ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል። የልብስ ስፌት መኪናውን እያሽከረከረ አዳመጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥቅምትን፣ እሑዱን፣ ሞጣን። መኪናው ቆመ።

«ስምንት ወር?»

«ስምንት ሊሞላው ነው።»

«እንግዲህ ሂድና ተኛ» አለኝ። መኪናውንም መልሶ ማሽከርከር ጀመረ። ተቀይሞኝ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዴ ነቅቼ ነበር። የግቢያችን በር ሲከፈት ሰማሁ። የብዙ ሰው ኮቴ ነው፤ ግን ማንም አያወራም። ያን ኮቴ አውቀዋለሁ። ከፊት ሆኜ ስመራው የኖርኩት ኮቴ ነው፤ ከውስጥ ሆኜ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። የሻረግ ከአልጋዋ ተነሥታ ተቀመጠች። «ይርጋ፣ ማነው?»

አቶ ልየው፣ የንስሐ አባቴና አራት የእድሩ ሰዎች ገቡ። ሁለት የጎረቤት ሴቶች የሻረግ አጠገብ ተቀመጡ። እኔን መሀል አስቀመጡኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሥራውን አበላሹት። ከሰዎቹ አንዱ ገና ሳይነገር አፍንጫውን ጠረገ። አቶ ልየው እንደኔ ረጋ ብሎ ከዘመኑ ክፋት መጀመር ሲገባው ቃሉ ጠፋበት፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና «ወንድሜ፣ አንዱዓለም ሞቷል። የእኅትህ ልጅ ሞቶብሃል» አለ። እንደዚያ አይባልም። ሁለት ጊዜ ሞተ አይባልም።

የማውቀውን ነገር ነበር የነገሩኝ። ለስምንት ወር ያህል ከማንም በላይ የማውቀውን። ግን «ሞቶብሃል» ያለኝ ሰው አልነበረም። ከደረቴ የወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ አልለየሁትም፤ የሻረግ ናት ብዬ ዞር አልኩ። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ድምፁ ግን የኔ ነው። አንዱዓለምን በአራት ዓመቱ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገበያ ስወስደው ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዞ ወደፈለገበት ያዞረኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አላስታወስኩትም ነበር፤ ያን ማለዳ አስታወስኩት። እወደው ነበር። በጣም እወደው ነበር።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የሻረግ በሁለተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። «ስምንት ወር ሙሉ አጠገብህ ተኝቼ?» አለች። ከዚያ ራሷን እዚያው የመታችው ትከሻ ላይ ጣለች።

በሳምንቱ ሰባት ሆነን ሞጣ ሄድን። የሥጋ ዘመድ መርዶ አይናገርምና እኔ ጎረቤት ቤት ቆየሁ፤ የተናገረው አቶ ልየው ነው። ጩኸቷን ከግድግዳው ባሻገር ሰማሁት። እኔ ነግሬው ሰው አይጎዳም የሚሉት ነገር ውሸት መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው። ሁሉም ይጎዳል፤ ስናገር ያልተጎዳሁት እኔ ነበርኩ። ስገባ አንገቴን አቀፈችኝ። አብራኝ አለቀሰች። መቼ እንደሞተ ገና አልጠየቀችም ነበር።

የጠየቀችው በሣልስቱ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ባለበት «መቼ ነው?» አለች። ሰዎቹ ወደ እኔ አዩ። «ጥቅምት። እኔ የሰማሁት በሃያ ሦስት ነው» አልኩ።

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ፊቷ ላይ ወሮቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ አየሁ፤ የልጅቱ ክርስትና እልል ያለችበት፣ ፋሲካ፣ እሑዶቹ ሁሉ።

«አርባውን ማን አወጣለት?»

«ማንም።»

«ፍትሐቱንስ?»

«የክርስትና ስሙን አላውቅም ነበር፣ እትዬ። አንቺን ልጠይቅሽ አልቻልኩም።»

«ስምንት ወር ልጄን በሕይወት አኖርክልኝ» አለች። «ላመስግንህ ልርገምህ አላውቅም። አሁን ግን ሂድልኝ።»

ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። ስደውል ልጇ ታነሣና «እማዬ ገበያ ናት» ትለኛለች። ፍትሐቱን አስደረገች፣ አርባውን ከሰኔ ቆጥራ አወጣች። ለእሷ ልጇ የሞተው ሰኔ ላይ ነው። አልተጠራሁም፤ አልፈረድኩባትም።

ጤናዬን በተመለከተ፣ መርዶው ተነግሮ አለቀና ዳንኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። እንደዚያ አይደለም። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰድኩ ሐምሌን ከአልጋ መነሣት እየከበደኝ ነው የገፋሁት። በወር አንዴ ሞጣ እሄዳለሁ፤ አግዳሚው ላይ፣ ከጥጉ በር ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን የሻረግ እሸት በቆሎ ጠብሳ አንዱን ለጎረቤት ልጆች ልትሰጥ ስትል ቀድሜ አነሣሁትና ጨረስኩት፤ ቆማ አየችኝ፣ ሁለተኛ ሰጠችኝ። እንቅልፌ ቀስ በቀስ ረዘመ። ስልኬ ላይ ወሬ ማሳደድ ቀነስኩ፤ በቀን አንዴ አያለሁ፣ ከዚያ ኪሴ ይገባል። ባለሙያው ያዘዘኝን የማታ እርምጃ ከአቶ ልየው ጋር እስከ ወንዙ ድረስ እንሄዳለን፤ ብዙ አናወራም። እድሩ መርዶ ሲመጣ አሁን በተራ ነው፤ የነገረ ሰው ያን ቀን ሥራ አይገባም፤ ሌላ ሰው ቤቱ ሄዶ አብሮት ይቀመጣል። ይህ የአቶ ልየው ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ሲያነሣው ሳቁበት፤ አሁን ሕግ ሆኗል። እኔ ግን እስካሁን ተራዬን አልጀመርኩም፤ ባለሙያው ቆይ ብሎኛል፣ ቆይቻለሁ።

ክፉ ጊዜ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ሰው ጠንካራ ናችሁ የሚላችሁ፣ የመጣባችሁን ነገር ለሌላ ከማድረሳችሁ በፊት ለእናንተም መሆኑን ጠይቁ። መብላት፣ መተኛት፣ ከሰው መጫወት ለሁለት ሳምንት ከጠፋባችሁ ጉሮሮና ጨጓራ ብቻ አታስመርምሩ። እኔ ያወቅሁት ይህን ነው፤ ከዚህ በላይ ባለሙያ አይደለሁም።

ባለፈው ጥቅምት ያ ቀን ሲደርስ ለማንም አልነገርኩም። ሰው የሚያውቀው ሙት ዓመት ሰኔ ነው፤ ጥቅምት የኔ ብቻ ነው። ቅዳሜ ነበርና ትምህርት የለም፤ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ከረፋዱ ላይ የሞጣ ሚኒባስ ከሚመጣበት በኩል ጥቁር የለበሰች ሴት ዝግ እያለች ስትመጣ አየሁ። አካሄዷን ከሩቅ ለየሁት። ደብተሩ ከጉልበቴ ወደቀ።

እትዬ ጥሩ በሩ ላይ ሰላም አላለችኝም። ገባች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ደጅ ካለው መደብ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዛሬ ያንተ ለቅሶ ነው» አለችኝ። «ብቻህን ያዘንክበት ቀን ነው። ልቀመጥልህ መጣሁ።»

እስከ ማታ ተቀመጠችልኝ።